ኑዋክሾት፦ ሦስተኛው ብርጭቆ

እሷ፦ ሰው ለሽርሽር ዱባይ ይሄዳል፤ አንተን ሞሪታኒያ ምን ወሰደህ?

እሱ፦ አባዜ በይው! ሻንጣዬን ብታራግፊው አሁንም አሸዋ ይወጣዋል። ዋና ከተማዋ ኑዋክሾት ገና ለጋ ናት። ድሮ አገሪቱ የምትተዳደረው ሴኔጋል ውስጥ ካለችው ሴንት ሉዊ ነበር። ይህችን መገንባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ያውም ለ15 ሺህ ሰው ታስባ።

እሷ፦ ዛሬስ?

እሱ፦ ከሚሊዮን በላይ! በ1970ዎቹ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት ዘላን ድንኳኑን ነቅሎ ገባባት።

እሷ፦ የሚታይ ነገርስ አላት?

እሱ፦ ሐውልት ምናምን ካማረሽ ይቅርብሽ። ከሰዓት በኋላ ግን የዓሣ ወደቡ ዳር ቁሚ። በቀይና በቢጫ ያሸበረቀው ረጅም የእንጨት ጀልባ ማዕበሉን ሰንጥቆ ይመጣል፤ ጎረምሶች ተጋግዘው አሸዋው ላይ ያወጡታል፤ ዓሣውን የአህያ ጋሪ ይረከባል። ሽታውን ተዪው!

እሷ፦ ቡናስ አገኘህ?

እሱ፦ እዚያ ሻይ ነው፤ ናና የገባበት፣ አረፋ እስኪሠራ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ የሚንቆረቆር። ሦስት ዙር ነው።

እሷ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በለኛ!

እሱ፦ ቁርጥ! ሁለተኛውን ጠጥቼ ልነሳ ስል የጋበዙኝ ሰው እጄን ያዙኝ። ታክሲው ውጭ እየጠበቀኝ ሦስተኛውን ጠጣሁ።