«አትጨነቅ» ማለት ብቻውን አያድንም
የቡና አገር ዓመት፣ ሐሳብና የሰውነት ጤና



በአማርኛ «ሐሳብ በላው»፣ «አንጀቱ አረረ»፣ «ደሙ ፈላ» የሚሉ አነጋገሮች አሉ። እነዚህን አነጋገሮች ያወረሰ ሕዝብ፣ የሐሳብ ጫና በሥጋ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ ሐኪም ሳይነግረው ያወቀ ሕዝብ ነው። ሆኖም ይኸው ሕዝብ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ምክር ከአንድ ቃል አያልፍም፤ እርሱም «አትጨነቅ» የሚለው ነው። ምክሩ በቅን ልቦና ይሰጣል። ነገር ግን የተጨነቀ ሰው ጭንቀቱን በትእዛዝ አይተውም። ከዚህም የከፋው፣ ይህን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚመለስ በሽተኛ የደም ግፊቱ ሳይለካ፣ እንቅልፉ ሳይጠየቅ፣ የሚበላውና የሚጠጣው ሳይታወቅ መሄዱ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ሐሳብ ወደ ሰውነት የሚገባው በየትኞቹ በሮች እንደሆነ፣ ከእነዚህም በሮች መካከል በሽተኛው ራሱ ሊዘጋቸው የሚችለው የትኞቹን እንደሆነ መመርመር ነው።

ነገሩን በአንድ ስፍራ ላይ አቁሞ መመልከት ይበጃል። የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው የቡ ከጅማ ብዙ ሳትርቅ በቡና አገር መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ፣ እንዲሁም በአጋሮና በሌሎቹ የጅማ ቡና ከተሞች፣ የገበሬው፣ የቡና ሰብሳቢው ነጋዴ፣ የመፈልፈያ ጣቢያው ሠራተኛ፣ የጫኝና አውራጁ፣ የሻይ ቤቷም ባለቤት ሳትቀር ኑሮአቸው በአንድ ፍሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዓመቱም የሚቆጠረው በዚሁ ፍሬ ነው። በበጋው መጨረሻ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ያብባል፤ ዝናቡ ከዘገየ የዓመቱ ሐሳብ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ክረምቱ ጎተራ የሚጎድልበትና ብድር የሚበረክትበት ወራት ነው። መስከረም የልጆችን ደብተርና ልብስ ይዞ ሲመጣ ፍሬው ገና አልቀላም። ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማው ሲደርስ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ዕዳም በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። እሸቱን ቀድሞ በብድር የሸጠ ሰው የለፋበትን ቡና በሌላ ሰው ሚዛን ላይ ያየዋል፤ ጀንፈሉን አድርቆ ያስቀመጠው ደግሞ ዋጋው ይወጣ ይሆን ወይስ ይወርድ እያለ ሌሊቱን ይቆጥራል።

ይህ ሐሳብ ከልብ ድካም የመጣ አይደለም፤ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ለጋውን ፍሬ በዛፉ ላይ እያጠቆረ የብዙ ገበሬ ምርት አጥፍቷል። 74110ን በመሰሉ ቁጥሮች የሚጠሩት፣ በጅማው የመልኮ ምርምር ማእከል ተመርጠው የወጡት ዝርያዎች ለዚያ መቅሠፍት የተሰጡ መልሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። በ2001 የዓለም ዋጋ በዓመቱ አማካይ ሲታይ በፓውንድ ወደ 45 የአሜሪካ ሳንቲም ወረደ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ ወጣ። ዋጋው ሲወርድም ሆነ ሲወጣ የቡ አጠገብ ያለውን ገበሬ ያማከረው የለም። ስለዚህ ለዚህ ሰው «አትጨነቅ» ማለት፣ በእጁ የሌለውን ነገር እንዲያዝ መጠየቅ ይሆናል።

በሳይንስ ረገድም ይህ «በእጅ ያለመሆን» ጉዳይ ታላቅ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር 18 ሺሕ በሚያህሉ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ክትትል ተጀምሮ ነበር። ከጊዜ በኋላ ውጤቱ ሲወጣ፣ በዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ያሉት በልብ በሽታ የሚሞቱት ከከፍተኞቹ ባለ ሥልጣኖች ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራ ማጨስና የደም ግፊትን የመሳሰሉት የታወቁ መንሥኤዎች የልዩነቱን ከፊል ብቻ አስረዱ። ከ1985 ጀምሮ የተካሄደው ተከታይ ጥናት በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን አሳየ። ብዙ ጊዜ «የሐሳብ በሽታ የባለ ሥልጣንና የሀብታም ነው» ይባላል፤ ማስረጃው ግን የሚያመለክተው ወደ ታችኛው ሰው ነው።

ሐሳብ ሥጋን የሚነካበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሕይወት ያለው ፍጡር አደጋ ሲያይ ሰውነቱ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስረዳ። ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊን ያፈሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ሃንስ ሴሊ የተባለው ሊቅ በ1936 እንዳመለከተው ደግሞ ጫናው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ሰውነት በመጀመሪያ ይቋቋማል፤ ቆይቶ ይደክማል። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም ለረዥም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ስኳርን ያውካል፤ የመከላከል ኀይልን ያዳክማል፤ እንቅልፍን ይነሣል። አውሬ አይቶ የሮጠ ሰው ሲያመልጥ ልቡ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዕዳ ግን አውሬ አይደለም፤ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከባለዕዳው ጋር አብሮ ያድራል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ በጅማ አካባቢ የተሠራውንም ማየት ተገቢ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነበር፤ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተመራማሪዎች በግልገል ጊቤ አካባቢ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ባደረጉትና በ2008 በታተመው ጥናት፣ የምግብ ዋስትና ማጣትና አስጨናቂ የኑሮ ገጠመኞች ከጭንቀትና ከመንፈስ መጨለም ምልክቶች ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። ጎተራ የጎደለበት ወር የሆድ ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ችግር ወር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉን ሕመም በሐሳብ ማሳበብም ሌላ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ «ጨጓራ» የሚባለው ሕመም ለረዥም ዘመን በንዴትና በበርበሬ ሲመካኝ ኖሯል። ነገር ግን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባደረጉት ምርምር፣ ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት ቁስል አብዛኛውን የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴርያ መሆኑን አሳዩ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችን ማዘውተርም ሌላው መንሥኤ ነው። በመድኃኒት ሊድን የሚችለውን በሽተኛ «ሐሳብ ነው፤ ተወው» ብሎ መመለስ ከባድ በደል ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ ለበሽተኛው የተነገረ ነው፤ ሳይመረምር የሚፈርድን ባለሙያም ይመለከታል።

እንግዲህ ሐሳብ በአብዛኛው የሚገባባቸው በሮች የዕለት ተዕለት ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው በር እንቅልፍ ነው። በቡና አገር ቡና የማይጠጣበት ቤት የለም፤ በመጠኑ የሚጠጣ ቡና ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ጉዳት እንደሌለውም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሰውነት ከገባው ካፌይን እኩሌታው የሚወገደው በ5 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው፤ በነፍሰ ጡር ሴት ዘንድ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ በምሽት የሚጠጣው ቡና እስከ እኩለ ሌሊት ከሰውየው ጋር ይቆያል። ጫት በጅማ ምድር የራሱ ማኅበራዊና ባህላዊ ስፍራ አለው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን ልብን ያፈጥናል፤ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍ ይነሣል። መርቃናውን ለመስበር በአልኮል «ጨብሲ» የሚያደርግ ሰው ደግሞ አንዱን ሸክም በሌላው ላይ ይጭናል። ሐሳብ ያለበት ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣው በማግሥቱ በጫትና በቡና ይነቃል፤ በእነዚህ የነቃው ደግሞ በሚቀጥለው ሌሊት አይተኛም። ቀለበቱ የሚዞረው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው በር ጨው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ጥናት አዋቂ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። በብዙ የገጠር ቤት ቡና በጨው ይጠጣል፤ ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት አቦሉ፣ ቶናውና በረካው ሁሉ ጨው ይዘው ይመጣሉ። ጨው ጨርሶ ይቅር አይባልም፤ አዮዲን ያለው ጨው ከእንቅርት ይከላከላልና። የሚፈለገው መጠኑን መቀነስ ነው።

ሦስተኛው በር መቀመጥ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ በለንደን አውቶቡሶች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱት ሾፌሮች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ በሽታ ይጠቁ እንደነበር ታይቷል። ለቃሚው በተራራው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በሚዛን አጠገብ፣ በመደብርና በቢሮ የሚውለው ግን የገበሬውን ሐሳብ ሳይቀንስ የገበሬውን እግር አጥቷል። ከተሞች በሰፉ ቁጥር የዚህ ዐይነቱ ሰው ቁጥር ይበዛል።

በሮቹ ከታወቁ የባለሙያው ተግባር ግልጽ ይሆናል። በመጀመሪያ የደም ግፊት ምልክት ሳያሳይ የሚኖር በሽታ ስለሆነ አዋቂ ሁሉ ለምንም ጉዳይ ቢመጣ ይለካ። በሽተኛው 5 ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ፣ በፊተኛው ግማሽ ሰዓት ቡና ወይም ጫት ያልወሰደ መሆኑ ተጠይቆ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካ። ከሩቅ መንደር በእግሩ ገስግሦ የደረሰን ሰው በር ላይ ለክቶ በሽተኛ ማለት አይገባም። በ140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ልኬት ከተገኘ በሌላ ቀን ተጠርቶ ይረጋገጥ፤ እጅግ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም የደረት ውጋት፣ የአንድ ጎን መስነፍ፣ የንግግር መተሳሰር ካለ ግን ቀጠሮ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ይላክ።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው የቡናውን ዓመት ይከተል። «ጭንቀት አለብህ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ «የለብኝም» ይላል። «ዘንድሮ ቡናው እንዴት ነው? ሌሊት ትተኛለህን? ቤት ውስጥ እህል አለ? ብድርህን ከማን ጋር ትመክራለህ?» ተብሎ በራሱ ቋንቋ ሲጠየቅ ግን ልቡን ይከፍታል። በኦሮምኛ «ያዶ» የሚለው ቃል የያዘውን ሐሳብ፣ በአስተርጓሚ የተጠየቀ በሽተኛ ሳይገልጸው ሊቀር ይችላል።

ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ልማድ ብቻ ይመከር። የቡናውን ጨው በግማሽ መቀነስ፣ የምሽቱን ቡና ወደ ቀትር ማምጣት፣ ጫት የሚቅም ቢሆን የሚቅምበትን ሰዓትና ቀን እየቀነሰ እንዲሄድ ማድረግ፣ ነጋዴው ወደ መጋዘኑ በእግሩ እንዲሄድ ማግባባት፣ እነዚህ ሁሉ የዓለምን ገበያ ፈቃድ አይጠብቁም። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ደግሞ ገንዘብ በሚያጥርበት ክረምት ክኒኑን እንዳያቋርጥ፣ ቀጠሮውና የመድኃኒት አቅርቦቱ ከወዲሁ ይታሰብለት። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት ስለሚደርሱ ለዚህ ሥራ ቀዳሚዎቹ ረዳቶች ናቸው።

በመጨረሻም ቡናው ራሱ መድኃኒት የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም ጎረቤት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300 ሺሕ በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ትንተና፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ግንኙነታቸው ከላላው ይልቅ በ50 በመቶ የበለጠ መሆኑን አመልክቷል። የቡና ሰዓት ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጠፋ፣ ማን ዝም እንዳለ የሚታወቅበት ሰዓት ነው። በዕዳ ወይም በሕመም አፍሮ ከዚህ ጉባኤ የቀረ ሰው በእውነት አደጋ ላይ ነው፤ ሊጠየቅም ይገባዋል። የጤና ባለሙያ የቡናን ዋጋ ሊወስን አይችልም፤ ዝናብም ሊያዘንብ አይችልም። ለክቶ፣ ጠይቆ፣ አንዱን በር በሽተኛው እንዲዘጋ ሊያግዝ ግን ይችላል። ይህን ያደረገ ባለሙያ «አትጨነቅ» ባይልም እንኳ ከበሽተኛው ሐሳብ ላይ ጥቂቱን ቀንሷል።