የአሮጌ ትራክተር ፍሪሲዮንና ካምቢዮ፤ ከመፍታት በፊት መመርመር



በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍር፣ ከሰፈራው ቦታዎች አንዳንዶቹ የገንዲ በሽታ የእርሻ በሬ የሚጨርስባቸው ቆላዎች ነበሩ። እንዲህ ባለ ሥፍራ ትራክተር በእርሻ ወራት ከቆመ የሰፋሪው የዓመት ቀለብ አብሮ ይቆማል። አሮጌ ትራክተር በሚሠራበት ሁሉ ይህ ዛሬም እውነት ነው።

ለምሳሌ የምወስደው በሀገራችን በሰፊው የሚታወቀውን ቤላሩስ ኤም.ቲ.ዜድ. 80 ነው። የፍሪሲዮኑን ዲስክ ለማውጣት ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መክፈል ግድ ይላል፤ ይህም ከባድ ማንሻና ደጋፊ የሚጠይቅ የቀናት ሥራ ነው። ስለሆነም «ካምቢዮው ተበላሸ» የሚል ሪፖርት ሲደርስ፣ ቁልፍ ከመነሣቱ በፊት ጉድለቱ የት እንደሆነ መለየት ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹም ታኮ ተደርጎባቸው፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሳይከብድ የሚወርድበት ነጻ ጉዞ ይለካ። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ይህ ጉዞ ያጥራል፤ ፈጽሞ ሲጠፋ ዲስኩ በሙሉ ኃይል አይያዝምና ይንሸራተታል። ምልክቱም ማረሻው መሬት ሲነክስ ሞተሩ እየጮኸ ትራክተሩ አለመራመዱና የተቃጠለ ሸራ መሽተቱ ነው። በአንጻሩ ነጻ ጉዞው ከልክ ካለፈ ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም፤ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ሳለም ትራክተሩ ይንፏቀቃል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የፔዳሉን ዘንግ በማስተካከል ይወገዳሉ።

ነጻ ጉዞው ትክክል ሆኖ መንሸራተቱ ከቀጠለ፣ በፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ያለው ቡሽ ይፈታ። ጥቁር የሞተር ዘይት ቢወርድ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ፣ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ቢወርድ የካምቢዮው መግቢያ ፓራኦሊዮ አፍስሷል ማለት ነው። ፓራኦሊዮው ሳይለወጥ አዲስ ሸራ መግጠም ያንኑ ሥራ ደግሞ መሥራት ነው። ዘይት ካልተገኘ ግን ሸራው ማለቁ ወይም ሞላዎቹ መድከማቸው ይጠረጠራል።

ፔዳሉ ተስተካክሎ ማርሽ አሁንም የሚንጫጫ ከሆነ፣ የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ የሚያቆመው ትንሽ ፍሬን ይታይ። ይህ ፍሬን ሲያልቅ ዘንጉ መሽከርከሩን ስለሚቀጥል፣ ደህናው ካምቢዮ እንደ ተሰበረ ይቆጠራል።

ድምፅም ይመራል። ማርሹ ነጻ ሆኖ ሞተሩ ሲሠራ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጀምር ጩኸት የፍሪሲዮኑን ማላቀቂያ ኩሽኔታ ያመለክታል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚጠፋ ጩኸት ግን ከካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታዎች ይመጣል።

ካምቢዮው ራሱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው። የዘይቱ መጠን ይታይ፤ ጥቂት ዘይትም ወደ ንጹሕ ዕቃ ይቀዳ። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል። የብረት ስባሪ ከተገኘ ትራክተሩ ባለበት ይቁም፤ አንድ ተጨማሪ ቀን ማረስ ሌሎቹን ጥርሶች ያስበላልና።

ለኃላፊዎች የማሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እግሩን በፔዳል ላይ አሳርፎ የሚነዳ ኦፕሬተር ሸራውንና ኩሽኔታውን ያለ ጊዜያቸው ስለሚጨርስ፣ ሥልጠናው ከዚህ ይጀምር። ሁለተኛው፣ የመለዋወጫ ጥያቄ የተለካው ነጻ ጉዞ፣ የወረደው ዘይት ዓይነትና የተሰማው ድምፅ ተጽፎበት ይቅረብ። «ካምቢዮ» ብቻ ተብሎ የተላከ ጥያቄ የማያስፈልግ ዕቃ ሊያስመጣ ይችላል፤ ዝናቡ ግን ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ አይጠብቅም።