የቆመው ሞተራችን ይሸጥ ወይስ ይጠገን?

በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ ለጠቅላላ ጉባኤው የቀረበ ንግግር



እንደምታውቁት ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሞተር ሳይክላችን በአንዲት እናታችን ጓሮ የማሽላ አገዳ ተከምሮበት ተደበቀ። ከዝርፊያም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን የነካው የለም። አሁን “በብረት ዋጋም ቢሆን ይሸጥ” የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

በመዝገባችን ላይ ሞተሩ ቋሚ ንብረት ነው፤ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እንይዝለታለን። መዝገቡ የማያሳየው ግን አለ። ከዋናው መንገድ ራቅ ብለው የሚኖሩ እህቶቻችን ቁጠባቸውን ለማስገባት በዚህ የቆላ ፀሐይ በእግራቸው ይመጣሉ። ሞተሩ ሲሠራ ሰብሳቢያችን ራሷ ትሄድላቸው ነበር። ስለዚህ ሕመሙን ሳናውቅ አንሽጠው እላለሁ። ምርመራው ከጥገናው በጣም ያነሰ ወጪ ነው። መካኒኮች ጠይቄ ቅደም ተከተሉን ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ “እስኪ ይነሳ እንደሆነ” ብሎ ፔዳሉን መርገጥ አይገባም። ቤንዚን ሲቆይ፣ ይልቁንም በሙቀት፣ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራቶሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። አሮጌው ቤንዚን ወጥቶ ይወገድ፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከዛገ ይታጠብ፤ ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ይጽዳ። ቀዳዳዎቹ በሽቦ አይጎርጎሩ፤ ከሰፉ ሞተሩ ነዳጅ ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያውና የጭስ ማውጫው ይታዩ። አይጥና ተርብ ቤት ይሠሩባቸዋል።

ሦስተኛ፣ ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ይጨመር። ካደረ በኋላ ፔዳሉ በእጅ ቀስ ተብሎ ይገፋ። ፒስተኑ ከተንቀሳቀሰ ተስፋ አለው። ከተጣበቀ በኃይል አይሞከር፤ ያን ጊዜ የመሸጡን ሐሳብ እንደገና እንመክርበታለን።

አራተኛ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ አዲስ ቤንዚን ገብቶ ይነሳ።

እስከዚህ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ወጪው የእጅ ዋጋ፣ ዘይትና ቤንዚን ብቻ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሠራ ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ተሞልቶ ኃይል ካልያዘ ይቀየራል። ካቴናው፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመዶቹ ይፈተሻሉ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ ለምሳሌ 2318 ማለት በፈረንጆች 2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ እህታችንን አናስቀምጥበትም። መንገድ ከመውጣቱ በፊትም ቦሎውና በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ይታደሱ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ይቀርባል፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃም ከደረሰኙ ጋር ለኮሚቴው ይመለሳል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተሽከርካሪ ስትለግሱን የጥገናውንም በጀት አብራችሁ አስቡልን።

ወደፊት ሞተሩ ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑ ከካርቡራቶሩ ይፍሰስ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ ጥላ ሥር ይቁም። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ወጪ ያስቀራል።

አሁን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወጪ ብቻ እንድታጸድቁልኝ እጠይቃለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።