በደጃችን ያለውን ዘፈንና ቴአትር ስለ ማየት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሰማ ንግግር)



 ስለ ፈተና የምንናገር የመሰላችሁ ብትኖሩ፣ ያ ጉዳይ ዓመቱን ሙሉ ሲነገረን የከረመ ስለ ሆነ ለዛሬ አሳርፈነዋል። የመረጥነው ጉዳይ በደሴና በአካባቢዋ በሰው ፊት ስለሚቀርበው ዘፈን፣ ዜማና ቴአትር ነው። ሐሳባችንም፣ ሄዳችሁ ስሙ፣ ሄዳችሁ እዩ፣ ባለሙያውንም በሚገባው ክፈሉት የሚል ነው።

እኛ አብዛኞቻችን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነን። በዚያም በኦርጋን መዘመርን፣ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል እያሉም ድምፅ መለየትን ተምረናል፤ ይህም ጠቅሞናል። ነገር ግን ከመካከላችን የሞዛርትን የትውልድ አገር በቃሉ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ፣ አምባሰል ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ «ወረዳ ነው» ብሎ ብቻ የሚቀመጥ አይጠፋም። ወረዳስ በእርግጥ ወረዳ ነው። ዳሩ ግን የአገራችን ሙዚቃ ከሚመሠረትባቸው ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ ሁለቱ ከደሴ በጧት ተነሥቶ ለምሳ በሚደረስበት አገር ስም የተጠሩ ናቸው። ባቲ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሰኞ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ቅኝቷን ግን ባቲን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይዘፍንባታል።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው ለሚሉ ጓደኞቻችን በምናውቀው መንገድ እናስረዳ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። የተለመደው ትዝታ በፒያኖ ቢፈለግ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይሆናል። አምባሰል ግን ከዶ ተነሥቶ ሬን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርግና ሚን ትቶ ወደ ፋ ይዘላል፤ ከዚያም ሶልንና ዝቅ ያለውን ላ ያስከትላል። ያ መጀመሪያ ላይ ያለው ጠባብ እርምጃና ቀጥሎ የሚመጣው ሰፊ ዝላይ ነው፣ በእኛ አስተያየት፣ አምባሰልን ሆድ የሚያባባ ያደረገው። ይህን በወረቀት መጻፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ መሰንቆ መቺው የሚያወጣውን ድምፅ በሙሉ ወረቀቱ አይዘውም። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው ነው፤ መቺውም ክሩን በጣቱ ዳሰስ ያደርገዋል እንጂ እንደ ጊታር እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ በመካከል ያለውን ሁሉ እየዳበሰ ያልፋል። ፒያኖ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ቁልፎቹ መካከል ምንም የለምና።

ከዚህም በላይ አዝማሪን በቴፕ ወይም በስልክ የሰማ ሰው ግማሹን ብቻ እንደ ሰማ ይቈጠር። አዝማሪ ሲጫወት ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱም ወዲያው ተቀብሎ በዜማው ያስገባዋል፤ ቤቱን ያልመታውን አስተካክሎ፣ የተንኰለኛውንም ስንኝ በሰሙ ተቀብሎ በወርቁ ወደ ሰጪው ይመልሰዋል። እንግዳ ሲገባ መልኩን፣ ልብሱን፣ አገሩን አይቶ በዚያው ደቂቃ ይገጥምለታል። ያ ግጥም በማግሥቱ የለም። በስልክ ውስጥ ያለው ዘፈን ግን እናንተ ብትኖሩም ባትኖሩም ያንኑ ይደግማል።

እንግዲህ ይህን ሙያ የሚያህል ነገር በደጃችን ሳለ ስለ ምን እንሸሸዋለን? አንደኛው ምክንያት፣ በግልጽ ለመናገር፣ ንቀት ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በክፍላችን ውስጥ እንደ ስድብ ሲነገር እንሰማለን። ቃሉ «ዘመረ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ስለ ሆነ እሑድ እሑድ ከምንዘምረው መዝሙር ጋር ሥሩ አንድ ነው። ከመካከላችን መሰንቆ ከአባቱ የተማረ ጓደኛ አለን፤ ስሙን አንጠራም። ወደ ትምህርት ቤት ሲያመጣው በጋቢ ጠቅልሎ ነበር፤ ብርድ አግኝቶት አይደለም፣ የጓደኞቹን አፍ ፈርቶ ነው እንጂ። በሒሳብ ከክፍሉ የሚበልጠው ባይኖርም ይህ ከፍርሃቱ አላዳነውም።

በዚህ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አለ፤ ስሙ «አይጠየፍ» ይባላል። ትልቁም ትንሹም ገብቶ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጸየፍ ማለት ነው። አዳራሹን በታሪክ ትምህርት ሰዓት በሰልፍ ሄደን ጐብኝተነዋል። ስሙን ግን ከደጁ ላይ ትተነው የተመለስን ይመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት የወላጆቻችን ሥጋት ነው፤ ይህ ግን ከንቀት የተለየ ስለ ሆነ በአክብሮት እንመልሳለን። ዘፈን ያለው ሌሊት በመጠጥ ቤት ነው፣ ልጅ ወደዚያ አይሄድም ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ አይሄድም፤ እኛም ላኩን አንልም። ነገር ግን በቀን ብርሃን፣ በቤተሰብ ፊት የሚሰማው ብዙ ነው። በሠርግ ቤት መሰንቆ ይመታል፤ ኦርጋንና ዲጄ ከድንኳኑ ካላስወጡት ማለታችን ነው። በመውሊድ ቀን መንዙማ ይሰማል፤ ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ የቀድሞ ሼኾች አማርኛውን በዐረብ ፊደል እየጻፉ ያቈዩት ግጥም እስከ ዛሬ በድቤ ይዜማል። ለገና ላሊበላ የደረሰ ሰው ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከላይ በዐለቱ ጠርዝና ከታች በግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ»ን ሲቀባበሉ ያያል። ይህን ሁሉ የእኛ እምነት ነው፣ የእነርሱ እምነት ነው ሳንል በጆሮአችን ልንማርበት እንችላለን፤ በወሎ ቤት ደግሞ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ማዕድ መቀመጡ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ነሐሴ ጨዋታ ግን ጥቂት እንቈይ። ነሐሴ 16 ቀን ሲሆን ልጃገረዶች ተሰብስበው ከበሮ እየመቱ በየቤቱ ይጫወታሉ፤ በሰቈጣ ሻደይ፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነቱ ምክንያት ከቆቦ፣ ከወልድያና ከሌላም ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ገብተው በየትምህርት ቤቱ ተጠልለው ነበር። እኛ ያኔ ገና ልጆች ነበርን፤ ከእናቶቻችን ጋር እንጀራና ልብስ ይዘን እንሄድ ነበር። የሶለል ቀን ደረሰ። ከቆቦ የመጡት ልጃገረዶች ከበሮም የአዘቦት ቅያሪ ልብስም አልነበራቸውም፤ አንዲቱ የውሃ ጀሪካን ገልብጣ በጕልበቷ መካከል ያዘችና መምታት ጀመረች። ሌሎቹ ተነሥተው ዞሯት። ሽማግሌዎች ከየክፍሉ ወጡ፤ ከእነርሱም የሚያለቅስ ነበረ፣ የሚያጨበጭብም ነበረ። ዘፈን ትርፍ ነገር ነው፣ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም። በዚያ ቀን ጠግቦ የዘፈነ አልነበረም።

ስለ ቴአትርም እንናገር። የአገራችን ቴአትር ሲጀመር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተረት አስመስለው የመኳንንቱን ጥፋት ስላሳዩ ጨዋታው በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። እንደ አዝማሪው ሁሉ ቴአትርም ከመጀመሪያው ለሹም የማይመች ነገር ይናገር ነበር ማለት ነው። በደሴም የባህል አምባ አዳራሽ አለን፤ በደርግ ዘመንም የላሊበላ የኪነት ቡድን ነበረን። አምባሰልን በመዝፈን ስሟ በአገሩ ሁሉ የታወቀው ማሪቱ ለገሠም የወጣችው ከዚህ ከወሎ ነው። ዛሬ ግን ድምፅ ያለው ወጣት የመጀመሪያ ሐሳቡ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው፤ እዚህ የሚያየውና የሚከፍለው ሳያገኝ ቅር ብሎት ቢሄድ እንፈርድበታለን?

እኛም ባለፈው ዓመት በምግብ አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብስ መጋረጃ አድርገን ከመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ጥቂት ክፍል አሳይተን ነበር። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው «ተው ልጄ፣ አትስማቸው፣ ውሰዳት!» ብለው ለተዋናዩ ምክር ሰጡት፤ ልጁም ቃሉ ጠፋበት። አስተማሪያችን ተመልካች ዝም ማለት አለበት ብለውናል፤ እኛ ግን በዚህ አንድ ነገር ላይ ከእሳቸው ጋር በትሕትና አንስማማም። ፊልም ተመልካቹ ቢመክረውም አይሰማም። በሰው የሚጫወት ቴአትር ግን ይሰማል፤ ስለዚህም በማግሥቱ ያው ጨዋታ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለዚህ በዓል ከየክፍሉ የተዋጣው መዋጮ ድምፅ ማጉያና ዲጄ ለመከራየት የታሰበ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ድምፅ ሰጥተን እኩሌታውን ለከተማችን ባለሙያዎች እንዲሆን ለበዓሉ ኮሚቴ አመለከትን፤ ከብዙ ክርክርም በኋላ ተፈቀደልን። ክርክሩ ስለ ብሩ መጠን አልነበረም። «አዝማሪ ይሸለማል እንጂ ደመወዝ ይከፈለዋል ወይ?» የሚል ነበር። እኛም ሽልማት በግንባር ላይ የሚለጠፍ የተደሰተ ሰው ስጦታ ነው፣ ዋጋ ግን አስቀድሞ የሚነገር የሠራተኛ መብት ነው አልን። ኦርጋን ተጫዋቹ ቀብድ ሲቀበል መሰንቆ መቺው የሰውን ኪስ እያየ እንዲያመሽ ማድረግ ትክክል አይመስለንም። ስለዚህ ዋጋው በስምምነት ተቈርጦ ግማሹ ትናንት ተከፍሏል፤ ሽልማቱ ከዚያ በላይ የየሰዉ ፈቃድ ነው።

ዛሬ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በዛፎቹ ሥር መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ ይኖራሉ። አራቱም ቅኝቶች በየተራ ይሰማሉ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድመን ስለማንናገር እናንተው ለዩ። ከመሰንቆዎቹ አንዱን የሚመታው በጋቢ ጠቅልሎ ያመጣ የነበረው ጓደኛችን ነው፤ እኛ ሳንለምነው በራሱ ፈቃድ ተመዝግቧል። ባለሙያዎቹ ምሳቸውን ከመምህራን ጋር በአንድ ገበታ ይበላሉ። «ተቀበል» ለማለት የምትፈልጉ ስንኛችሁን አዘጋጅታችሁ ኑ፤ ስለ መምህራን የሚሰጥ ስንኝ የተፈቀደ ሲሆን ስለ ፈተና ውጤት የሚሰጥ ግን ከወላጆች ፊት ባይሆን ይሻላል። ቅዳሜ ደግሞ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ«ጠልፎ በኪሴ» አንድ ክፍል ያሳያሉ። አግዳሚ ወንበር ስለሚያንስ ትንንሾቹ ሰሌን ላይ ከፊት ይቀመጡ፤ ወላጆቻችን ደግሞ እንደ ልባችሁ ምከሯቸው፤ ተዋንያኑን አስጠንቅቀናቸዋል።