የምንተክለው የደካሞቹን ልጆች ነው

(ባለፈው እሁድ ለአካባቢያችን ወጣቶች ያደረግኩት አጭር ንግግር ነው። ላልነበራችሁ እነሆ፤ ሼር አድርጉት።)

 

ግቢ እያለን በካፌው ድንች ወጥ ስንት ቀልደናል? አሁን ዲግሪዬን ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ፋርጣ፣ አባቴ ማሳ ላይ ድንች እቆፍራለሁ። ቀልዱ አልቋል።

በእኛ ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት ነው። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የተተከለ ድንች ግን በሦስት አራት ወር ይደርሳል። እናቶቻችን ልጅ ሳያስርቡ ክረምቱን የሚሻገሩት በእሱ ነው። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ በ1858 (እ.ኤ.አ.) አገራችን ካስገባው ወዲህ ስንቱን ቤት ከጭንቅ አውጥቷል! «የድሃ ምግብ» የምትሉ እረፉ በቃ።

ታዲያ ገበሬው ለምን አላለፈለትም? ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲያወጣ ደላላው ዋጋ ይጥላል። አምና የሸጥነው የማዳበሪያ ዕዳችንን እንኳ አልሸፈነም። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሳው ዘሩን ነው።

አባቴ ትልቁን ለገበያ፣ መካከለኛውን ለድስት፣ ትንንሹን ለዘር ይለያል። ያደገበት ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ከታመመ ተክል የሚወጣው ድንች ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፣ በሽታውም አብሮት ይተከላል። በየዓመቱ የምንተክለው የደካሞቹን ልጆች ነው ማለት ነው! አዴት ምርምር ማዕከል ጓሳና ዘንገናን፣ ሆለታ ጉደኔና በለጠን አውጥተዋል፤ እኛ ቀበሌ ግን ንጹህ ዘር እንደልብ አይገኝም።

እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅም። ድንቹ ሲያብብ ማሳ ግቡ። ያልጠወለገ፣ ቅጠሉ ያልተጨማደደ፣ ጠንካራ ተክል ስታዩ አጠገቡ እንጨት ትከሉ። ሲቆፈር የእነዚያን ብቻ ለዘር ለዩ። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አታፍኑት፤ ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው፣ ብርሃን ባለው ቆጥ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት። ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል። (የሚበላው ግን ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ! አረንጓዴ የሆነ ድንች ይመርዛል።)

አባቴ መጀመሪያ «ድንች ደግሞ ምልክት ይደረግበታል እንዴ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ዘንድሮ እንጨቱን ራሱ ቆርጦ አመጣ።

ወጪው እንጨት ብቻ ነው፤ ጊዜ ደግሞ እንደ እኛ እንደ ሥራ አጦቹ ያለው የለም። በሚቀጥለው አበባ በየቀበሌው አምስት አምስት ሆነን እንወጣለን። የምትመጡ የቀበሌያችሁን ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።