ካልኩለስ በሰሊጥ ክምር
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን የ12ኛ ክፍልን ካልኩለስ ያለፍነው ቀመሩን ሸምድደን ነው። ቀመሩ የምን ቀመር እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ይታወቃል። ጥፋቱን ሁሉ በሽምደዳ ላይ መጫን ባይገባም፥ አንዱ ምክንያት እርሱ ነው ብለን እናምናለን።

መሣሪያ የለም ይባላል። እስቲ ሳንጃን እንመልከት። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ አገሩም የሰሊጥ አገር ነው። የካልኩለስ መጻሕፍት አሸዋ እየፈሰሰ ሲከመር ቁመቱ በምን ፍጥነት እንደሚጨምር ይጠይቃሉ። የሳንጃ ልጅ እንዲህ ያለውን ክምር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነው!

ደረቅና የተበጠረ ሰሊጥ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ከአንድ ቦታ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ። ክምሩ ትንሽም ይሁን ትልቅ ተዳፋቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ቅርጹን ሳይለውጥ ያድጋል። አንድ ጣሳ ከፈሰሰ በኋላ ቁመቱ በማስመሪያ ይለካ። ሁለተኛው ጣሳ ቁመቱን እጥፍ ያደርገዋል ብሎ የማይገምት ተማሪ ጥቂት ነው። አያደርገውም። እጥፍ የሚሆነው ስምንተኛው ጣሳ ሲያልቅ ነው፤ ይዘቱ የሚያድገው በቁመቱ ኩብ ነውና። የፊተኛው አንድ ጣሳ የሠራውን የኋለኞቹ ሰባት ተጋግዘው ሠሩት ማለት ነው። ሰሊጡ ሳይቋረጥ በእኩል መጠን ቢፈስ፥ ቁመቱ እጥፍ በሆነበት ሰዓት የዕድገቱ ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ዲሪቬቲቭ የሚባለው ይኸው ፍጥነት ነው። (ሰሊጡ ወደ ጆንያው ስለሚመለስ ባለቤቱ አይቆጣም።)

ለኢንቴግራል ካርቶንና ሚዛን ይበቃል። በካሬ ካርቶን ላይ የኤክስ ካሬን መስመር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ስሎ በመቀስ መቁረጥ ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ቁራጭ በክብደት የበታቹ እጥፍ ሆኖ ይገኛል፤ የበታቹ የጠቅላላው ሲሶ ነው ማለት ነው። ጋሊሌዮም የሚንከባለል ጎማ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ የሚሠራውን ቅስት ስፋት በዚሁ ዓይነት በሚዛን ፈልጎ፥ ከጎማው ስፋት ሦስት እጥፍ ገደማ አገኘ። ልክ ሦስት መሆኑን ግን ተጠራጠረ፤ በኋላ በስሌት ያረጋገጠው ሮበርቫል ነው።

ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ይህ ማረጋገጫ አይደለም ቢሉ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የሚረጋገጠውን ነገር ያላየ ተማሪ ማረጋገጫው ምን ያደርግለታል? አርኪሜዴስ እንኳ አስቀድሞ በሚዛን አስቦ፥ ኋላ በጂኦሜትሪ አረጋግጧል።

በክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ወደ ቆላው የምትሄዱ ሁሉ፥ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ እንድትሰጡ እንለምናለን። ጣሳና ማስመሪያ ያዙ፤ ሰሊጡ እዚያው አለ።