ከምጥ በፊት የሚጀመር ጉዞ

በጉራጌ፣ በጉመር ወረዳ የምትገኘው አረቅጥ ደጋ ናት። በጉመር መንደሮች ነፍሰ ጡር ሌሊት ምጥ ከያዛት ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ይሸከማታል፤ ጭቃውና አቀበቱ ግን ሰዓት ይፈጃሉ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ እናትን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለዚህ መላ አበጅቷል፤ የእናቶች ማቆያ። የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ፣ በተለይም ለአደጋ የተጋለጠች እናት፣ ስንቋን ቋጥራ ምጧ ሳይመጣ እዚያው ትሰነብታለች።

እንደ አውሮፓውያኑ ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተጠንቷል። በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ በማቆያው ካለፉት 90 ያህል እናቶች ሞተዋል፤ በቀጥታ ከመጡት ግን 1,333። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ አቅማቸው ተሟጦ ነው የሚደርሱት። ማቆያው የሚያስቀረውም ይህንኑ ነው።

በአገር ደረጃስ? እንደ አውሮፓውያኑ በ2000 አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 4.6 ሆነ። በእነዚሁ ዓመታት የእናቶች ሞትም፣ በሕይወት ከተወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር፣ ከ871 ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26 ደረሱ፤ ቀሪዎቹ በአብዛኛው ቤታቸው ነው ያማጡት።